የፎቶው ቀሚስ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በበዓሉ ጠዋት ግን የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ለገዛ ባለቤቱ ዘመድ ሆኖ ዋለ። ጓሮ ቆማ የእናቷን አንሶላ ስታሰጣ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት የታላቅ እህቷ ድምፅ ወጣ። እህትየዋ እጇን እየታጠበች ለወንድማቸው ሚስት ነበር የምታወራው። «እማዬን የያዘቻት ለእማዬ ብላ ይመስልሻል? ለቤቱ ነው እንጂ። ኪራይ የለባት፣ አለቃ የለባት፣ ሳሎኑን ሱቅ አድርጋ መኪናዋን ስታስጮኽ ትውላለች። እኔ አንዲት ነገር ነው የምጠብቀው። እማዬ ገላ ላይ አንዲት ጭረት ልይ ብቻ፤ የዚያኑ ዕለት ጭኜ ነው የምወስዳት። ቤቱም ይሸጣል።» የወንድማቸው ሚስት ሳቅ ብላ፣ «እንዴ እትዬ፣ እኛስ የት ሄደን? እሱም እኔ ጋ ነው የምትኖረው እያለ ነው» አለቻት። ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች ቆማ ቀረች። እህቷም ወንድሟም እናትየዋን የሚፈልጓት አንዱ ሌላውን ለመብለጥ እንደሆነ ታውቃለች። ከእህቷ ቤት ብትገባ ለእንግዳ የምትታይ፣ እንግዳው ሲወጣ ለሠራተኛ የምትተው ሰው እንደምትሆንም ታውቃለች። ይህ አዲስ አይደለም። ያስደነገጣት ሌላ ነው፤ ጭረት የምትለዋ ቃል ናት።

ጭረት ብቻ ቢሆን በታደለች። በዝናቡ ወራት እናቷ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንሸራትቷት ወድቃ የቀኝ ትከሻዋ አጥንት ተሰንጥቋል። ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ለሠርግ የሚደርስ ሥራ ይዛ ነበር። እናቷ ከውስጥ ድምፅ ስታሰማ «መጣሁ እማዬ፣ ይቺን ስፌት ልጨርስ» አለቻት፤ ድጋሚ ስታሰማም ያንኑ አለቻት። ሦስተኛው ድምፅ የመውደቅ ነበር። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገና አይታሰብም፣ አጥንቱ እንደምንም ይያያዛል፣ ብቻ ክንዷን ከደረቷ በላይ እንዳታነሡባት ብሎ ሸኛቸው። ለእህቷም ለወንድሟም በስልክ «ትንሽ ብርድ መቷት ተኝታለች» ብላ ነገረቻቸው። ውሸት በማግስቱ ለማረም ይከብዳል፤ ወር ካለፈው በኋላማ የቤት ሰው ይሆናል። ወንድምና እህት ብቅ የሚሉት ለበዓል ለበዓል ስለሆነ ማንም ሳያውቅ ቆየ። እሷም ከፊት ለፊት እስከ ታች የሚከፈት፣ እጅጌው ሰፋ ያለ ጋውን ሰፍታ፣ ያመመውን ክንድ ሳታነሣ ማልበስና ማውለቅ ለመደች። ዛሬም በጠዋት አጥባ ያለበሰቻት ይህንኑ ነው። እናትየዋ አልተናገረችባትም፤ ልትናገርም አትችልም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቃላት አንድ በአንድ ጥለዋት ሄደው «እሺ» ብቻ ቀርታላታለች። ውኃ ልስጥሽ ሲሏት እሺ፣ ትተኛለሽ ሲሏት እሺ፣ አመመሽ ሲሏትም እሺ፣ አላመመሽም አይደል ሲሏትም ያው እሺ ነው።

ሳሎኑ ግማሹ ሱቅ ነው። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናውና የካውያው ጠረጴዛ፣ ጥጉ ላይ ባለቤቶቹ ያልወሰዷቸው ልብሶች የተንጠለጠሉበት ሽቦ፣ በወዲያኛው ግድግዳ ደግሞ ፎቶዎቹ አሉ። በዚህ ቤተሰብ በየበዓሉ ልጆቹ ለእናታቸው ቀሚስ ያመጣሉ። እናትየዋ ከመጡት ቀሚሶች አንዱን ለብሳ በመካከላቸው ትቀመጥና ፎቶ ይነሣሉ። ቀሚሱ የተለበሰለት ልጅ በቀኟ ይቆማል፣ ፎቶው በመስታወት ተደርጎ ይሰቀላል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ምናልባት እናትየዋ ራሷ፣ ያኔ አፏ ሳይያዝ፣ ልጆቿን ደስ ይበላቸው ብላ ይሆናል። አሁን ግን ግድግዳው የኳስ ውጤት መለጠፊያ ሆኗል። የእህቷ አረንጓዴ ቀሚስ፣ የወንድሟ ባለ ጥልፍ፣ ደግሞ የእህቷ፣ ከዚያ በተከታታይ የወንድሟ። እህቷ ይህን ቤት በረገጠች ቁጥር ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እናቷ ላይ ሳይሆን እዚያ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ በሁሉም ፎቶዎች ውስጥ አለች፤ ዳር ላይ፣ አንዳንዴም ግማሽ ፊቷ በክፈፉ ተበልቶ። የእሷ ስፌት ዓመቱን ሙሉ ስለሚለበስ «የቤት ልብስ» ነው የሚባለው፣ አይቆጠርም። ካቻምና የደከመችበትን አዲስ ቀሚስ አልብሳ ብታስቀምጣት፣ የወንድሟ ሚስት ገና ከበሩ «ውይ፣ እማዬን እስካሁን አልቀየርሻትም?» ነበር ያለቻት። ያን ዕለት ሳቀች። ቃሉን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ዘንድሮም አንድ ቀሚስ ሰፍታለች። በመሳቢያዋ ውስጥ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጨርቁ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ፣ ከእጅ ሲለቁት ራሱን የሚያስተካክል ጥሩ ጨርቅ ነው። እጅጌው እስከ እጅ አንጓ ጠበብ ብሎ ይወርዳል፤ ከኋላ ከአንገት እስከ ወገብ በዚያው ጨርቅ የተለበጡ ትንንሽ ቁልፎች አሉት። እንዲህ ያለ ሥራ ለደንበኛም ሠርታ አታውቅም። ሐቁን መናገር ካስፈለገ ይህን ቀሚስ የሰፋችው እናቷ ከወደቀች በኋላ ነው። እጅጌውን ስታጠብ የእናቷ ክንድ ምን እንደሆነ እያወቀች ነው ያጠበበችው፤ ግድግዳው ላይ የምትሰቀለውን እናት እንጂ ወንበሩ ላይ ያለችውን አላሰበችም ነበር። ሲያልቅ አፈረችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ዘንድሮስ ይቅርብኝ፣ እማዬ በጋውኗ ትነሣ፣ እነሱም ቀሚሳቸውን ከላይ ጣል ያድርጉላት ብላ ወሰነች። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ውሳኔዋ እንደጸና ነበር።

ወንድምየው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ለጋስነቱን ሰው ካላየለት የማይሆንለት ሰው። ዘንድሮ ከሙሉ የበግ ሥጋ ጋር ፎቶ አንሺም ይዞ በጠዋት መጥቶ ነበር፤ መብራትና ጃንጥላ ያለው፣ ዝምተኛ ወጣት። እህትየው የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ናት። ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ይዛ መጥታ ሥጋውን ስታይ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ፣ ፎቶ አንሺውን ስታይ ደግሞ የባሰውን ጠቆረ። ለነገሩ ጠረጴዛው ሁለቱንም አይችልም። ኬኩ መሐል ይቀመጥ ወይስ ሥጋው የሚለው ነገር ማንም ሳይናገረው፣ አንዱ ሲያስቀምጥ ሌላው እያሸሸ፣ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። በመጨረሻ ኬኩ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። የልጅ ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ወንድምየው የትልቁን ልጁን ውጤት ተናገረ፤ እህትየው ሴት ልጇ የተቀበላትን ትምህርት ቤት ተናገረች። እሱ ስለ አዲሱ መኪናው፣ እሷ ስለ አፓርታማዋ ሊፍት። እናትየዋ በባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ የሚያወራውን ሁሉ ትመለከታለች። አፉ ለተያዘ ሰው ወሬ ሁሉ ለእሱ የተነገረ ይመስለዋል መሰል፣ በየመካከሉ «እሺ» ትላለች።

ልብስ ሰፊዋ ጊዜው ሳይደርስ ልትቀድም ሞከረች። «ዘንድሮ እማዬን አናድክማት። ብርዱ አልለቀቃትም። በጋውኗ እንዳለች፣ ቀሚሶቹን ከላይ ጣል ብታደርጉላትስ?» አለች። እህቷ ቦርሳዋን ከፍታ ቀሚሷን እያወጣች ቀና አለች። «በጋውን? በበዓል ቀን? ሰው ቢያይ ልጅ የላትም ወይ አይልም?» ወንድምየውም ተደርቦ፣ «መርፌ፣ አንቺ ደግሞ እማዬን ገና በደህና ጊዜዋ በሽተኛ አታድርጊያት» አላት። መርፌ የልጅነት ስሟ ነው፤ ከቅጥነቷም ከሥራዋም ተዳምሮ የወጣላት። ዞር ብላ እህቷን አየቻት። እህቷም አየቻት። ከመታጠቢያ ቤቱ የሰማችው ነገር በሁለቱ መካከል እንደ ሦስተኛ ሰው ቆሞ ነበር፤ አንደኛዋ ብቻ ነበር የምታየው። ትከሻዋ ተሰብሯል ለማለት አፏን ከፈተች። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ እያለች ያሳደገቻት እናቷ ናት። ዘጋችው።

የመጀመሪያው የእህቷ ቀሚስ ነው። ሰማያዊ፣ አንገቱ ላይ ዶቃ የተደረደረበት፤ የዋጋው ወረቀት ብብቱ ሥር ተንጠልጥሏል፣ እንዲረሳ ሳይሆን እንዲታይ። «የኔ ቆንጆ፣ ይቺን እንልበስ?» አለቻት እህቷ ጎንበስ ብላ። «እሺ» አለች እናት። «አያችሁ፣ ገና ሳታያት ወደደቻት።» ጋውኑን ከፍታ ከትከሻዋ ላይ ገፈፈችው። በቀጭን የውስጥ ልብስ የቀረችው እናት በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ትንሽ ሆነች። ፎቶ አንሺው ብቻ ሳይነገረው ጀርባውን ሰጥቶ የመብራቱን ገመድ ማስተካከል ጀመረ። እህትየው ቀሚሱን በጭንቅላቷ አጥልቃ፣ ግራውን እጅ አስገብታ፣ ቀኙን ክንድ ከክርኑ ያዘችና ወደ ላይ ሳበችው። ከእናትየዋ የወጣው ድምፅ ትልቅ አልነበረም። አፍ ውስጥ የቀረ፣ ሰው ትኩስ ነገር ሲጠጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሳሕን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የሳሕኑ ጠርዝ ጣቷ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። «ቀስ» አለች። እህቷ ክንዱን እንደያዘች ዞረች። «ምነው? ምን ሆነች?» ልብስ ሰፊዋ የራሷን ድምፅ ከሩቅ ሰማችው፤ «ምንም። ብርዱ ነው፤ ሲበርዳት ሰውነቷ ይተሳሰራል።» «እንግዲያው ልብስ ትልበስ እንጂ» አለች እህትየው፤ እጅጌውንም ጎትታ ጨረሰችው።

ፎቶ ተነሡ። እህትየው በቀኟ ቆመች። አንድ ልጅ ደረጃው ላይ ሆኖ «አክስቴ የዋጋው ወረቀት ወጥቷል» ብሎ ሲጮህ «ውይ» አለችና ሁሉም ካነበበው በኋላ ወደ ውስጥ ከተተችው። የወንድሟ ሚስት በፈገግታ ቆማ አየች፤ ፈገግታዋ ሳይፈርስ ባሏን በክርኗ ነካ አደረገችው። ወንድምየው እጁን አጨበጨበ። «ደግ ነው፤ ዘንድሮ ሁሉንም እናንሣና በኋላ የተሻለውን እንመርጣለን። ፎቶ አንሺ እያለን ምን ቸገረን?» አለ። ይህ ለሰላም የታሰበ ሐሳብ መሰለው። ሚስቱ በወርቃማ ክር የተሠራውን፣ ድርብ ገበር ያለውን ከባድ ቀሚስ ስታወጣ ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ መዘነችው፤ ክብደቱ ብቻ ሰው ይጥላል። ደግሞ ማውለቅ መጣ፤ ማውለቅ ከማልበስ ይብሳል። የወንድሟ ሚስት ሰማያዊውን ከታች ሰብስባ ሽቅብ ስትጎትተው ሁለቱም የእናትየዋ ክንዶች አብረው ወደ ላይ ወጡ፤ ፊቷ ለጥቂት ጊዜ በጨርቁ ውስጥ ተደብቆ ቆየ፤ ከጨርቁ ውስጥም ያ ድምፅ መጣ። ስትገለጥ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እማዬ እንኳ ደስታዋን አልቻለችውም» አለ ወንድምየው፤ ከልቡ ነበር።

በሁለተኛው ፎቶ ፎቶ አንሺው መሣሪያውን ከዓይኑ አወረደ። «ይቅርታ፣ የእማማ ፊት ትንሽ ልክ አይደለም። ያማቸዋል እንዴ?» አለ። እንግዳ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ በር የሚከፍት ጥያቄ። ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ፤ ስለ እናታቸው የሚያውቀው ሰው እሷ እንደሆነች ያን ጊዜ ብቻ ትዝ አላቸው። የእህቷ ዓይን ቀጥ ብሎ መጣባት፤ ባንክ ውስጥ ፊርማ የምትመረምርበት ዓይን ነው። ልብስ ሰፊዋ እናቷን አየች። እናቷ ወደ እሷ ታይ ነበር። «እርጅና ነው። መብራቱም ዓይኗን ወጋት» አለች። ፎቶ አንሺው መብራቱን ዝቅ አደረገው። «እማማ፣ ወደዚህ ይዩልኝ» አለ። «እሺ» አለች እናት። ወደ መሣሪያው ግን አላየችም።

ምሳ ቀረበ። እናትየዋን በወርቃማው ቀሚስ እንዳለች፣ ልብሱ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ፎጣ በፎጣ አድርገው አስቀመጧት፤ ልብስ ሰፊዋ ሾርባ በማንኪያ አጎረሰቻት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ቢባልም በዚህ ጠረጴዛ ላይ ልጆቹ ሁሉ አንድ መሳይ ነበሩ፤ ሁሉም የሌላውን ሳሕን ያያሉ። ወንድምየው አጥንቱን አስቀምጦ በጥሩ መንፈስ መቀለድ ጀመረ። «መርፌ ሰውን ሁሉ ታለብሳለች፣ እሷ ግን ራቁቷን ናት ይባላል። የኛዋ መርፌ ደግሞ እናቷን እንኳ ሳታለብስ ቀረች።» ሁሉም ሳቁ። እህቷ አልሳቀችም፤ አፏን በወረቀት እየጠረገች ረጋ ብላ፣ «ለእማዬ ዘንድሮ ምንም አልሰፋሽላትም? ከደንበኛ የተረፈ ጨርቅም ጠፋ?» አለቻት። ሰድባት ቢሆን ትችለው ነበር። አዝናላት መጠየቋ ነው ያልቻለችው። ማንኪያውን አስቀመጠች። ለዓመታት የጠረገችው ሽንት፣ ያደረችበት ሳል፣ በጣቷ እያላላች ያጎረሰችው ዳቦ፣ ይህ ሁሉ በየትኛው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል? ተነሥታ ወደ መሳቢያው ሄደች። ነጩን ወረቀት ፈታችው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት የእናቷ ነበር፤ ያን ቀን ግን የሚተርተው አልነበረም። ቀሚሱን ክንዷ ላይ አድርጋ ወደ ወንበሩ ስትመጣ፣ ገና ሁለት እርምጃ ሲቀራት፣ እናቷ ሁለቱንም እጆቿን በራሷ አነሣች። ግራው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ቀኙ እየተንቀጠቀጠ፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ። ማንም አልጠየቃትም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ተሽሏታል ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ሳላውቀው ድኗል፤ ባይድን እንዴት ታነሣዋለች? ሰው ሊያምን የፈለገውን ነገር ለማመን ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። ወርቃማውን አወለቀች። የራሷን አጠለቀች። ጠባቡ እጅጌ ክርኑ ላይ ሲደርስ እንቢ አለ፤ ክንዱን ወደ ላይ አቅንታ መጎተት ነበረባት፤ ጎተተችው። ከጨርቁ በታች፣ ከመዳፏ ሥር፣ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ስፌት ሲለቅ የሚሰማው ዓይነት ትንሽ ነገር። እናቷ በዚህኛው ጊዜ ድምፅ አላሰማችም። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ዞራ ትንንሾቹን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈች፤ ከኋላ ሆና ፊቷን አለማየቷም ተመቻት።

ሲያልቅ ሁሉም ዞረው አዩ። የወይን ጠጁ ቀለም የእናቲቱን ሽበት አበራው፤ ከአንገቷ እስከ እግሯ አንድም የተጨማደደ ነገር የለም። እናታቸው ድሮ እንዲህ ነበረች እኮ፣ ሁሉም በየልቡ ያለው ይህንን ሳይሆን አይቀርም። የወንድሟ ሚስት ገላጣውን የበዓል ጫማዋን አየች። እህትየው ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጠርዝ ገለበጠች፤ የተንሸዋረረ ስፌት ፈለገች፤ ዝምዝማቱን በጣቷ አሻሸች፤ ለቀቀችው። «ጥሩ ነው» አለች፤ ቃሉ በግድ እንደወጣ ያስታውቃል። ፎቶ አንሺው ልብስ ሰፊዋን በእጁ ወደ ቀኝ ጠራት። ዕድሜዋን ሙሉ ዳር ላይ የቆመችው ሴት መሐል ገብታ፣ እጇን በእናቷ ትከሻ ላይ፣ በቀኙ ትከሻ ላይ አሳረፈች። መብራቱ ብልጭ አለ።

አመሻሹ ላይ መሄድ ጀመሩ። የመሄድም ውድድር አለው፤ መጨረሻ ላይ የሳመ ይበልጥ የወደደ ይባላል። ወንድምየው ከስሞ ከበር ተመለሰና ደግሞ ሳመ። እህትየው እሱ መኪናው ውስጥ እስኪገባ ጠብቃ የመጨረሻዋን ቦታ ወሰደች። ጫማዋን ካደረገች በኋላ ልብስ ሰፊዋን ወደ ጓሮው በር ሳብ አድርጋ ወሰደቻት። የእናቷን እግር፣ እጆች፣ አንገት፣ ሁሉን ልብስ በመቀየር ሰበብ ስትመረምር እንደዋለች ልብስ ሰፊዋ አይታለች። «እውነቱን ልንገርሽ» አለች እህቷ፣ ዓይኗን ሳታነሣ። «ብዙ ነገር ሳስብብሽ ነበር የመጣሁት። ግን ንጹሕ ናት። ገላዋ ላይ ምንም የለም። ደህና ይዘሻታል።» ትከሻዋን መታ አድርጋት ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ቃል ከእህቷ አፍ ለመስማት ስንት ዘመን እንደጠበቀች የሚያውቅ የለም። መጣላት። ተቀበለችው።

ሳሕኖቹን ሰበሰበች። ከኬኩ ክሬም የስፌት መኪናው ጎማ ላይ ፈስሷል፤ ጠረገችው። የወለቁት ሁለት ቀሚሶች ሶፋው ላይ እንደተገለበጡ ወድቀዋል፤ ጋውኑ ከሶፋው ሥር ነበር፣ አንዱ ልጅ ረግጦታል። ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ለቤተሰቡ ሁሉ ፎቶ ልኳል፤ ከሁሉም የተመረጠው የወይን ጠጁ ነው። «ዘንድሮ መርፌ ወሰደችው። ይሄኛው ነው ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው» ይላል። ከሥሩ የወንድሟ ሚስት ልብ ለጥፋለች፤ እህቷ አውራ ጣት። ልብስ ሰፊዋ ፎቶውን በጣቶቿ ከፈት አድርጋ አሰፋችው። የራሷን ፊት አየች፤ ደስ ያለው ፊት ነው፣ ቆንጆም ነበር። ከዚያ ፎቶውን ወደ ግራ ገፋ አድርጋ የእናቷን ፊት አየች። ከንፈሯ ነጥቶ ተነክሷል። ዓይኗ ወደ መሣሪያው ሳይሆን ትከሻዋ ላይ ወዳረፈው እጅ ያያል።

ስልኩን እንደያዘች ወደ ወንበሩ ሄደች። ምን ልትላት እንደፈለገች አታውቅም፤ ምናልባት ልታሳያት ነው፣ ምናልባት ይቅርታ ልትላት። እናቷ ስትመጣ አየቻትና እጆቿን አነሣች። ቀኙ ሊወጣላት ስላልቻለ በግራ እጇ ከአንጓው ይዛ ሽቅብ አወጣችው፤ አገጯ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። በጠባቡ እጅጌ ውስጥ ትከሻው አብጦ ስፌቱን ወጥሮታል። «አይደለም እማዬ፣ አሁን ማንም አያለብስሽም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አውርጂው።» «እሺ» አለች እናት። አላወረደችውም። ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ይዛ ልታወርደው ሞከረች፤ ያ አፍ ውስጥ የሚቀር ድምፅ መጣ፤ እጇን መለሰች። ከዚህ ቀሚስ ውስጥ ክንዱ ሳይጎተት የሚወጣበት መንገድ እንደሌለ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የሰፋችው እሷ ናት።

ከካውያው ጠረጴዛ ትልቁን መቀስ አመጣች። ከእጅ አንጓው ጀመረች። ጥሩ ጨርቅ ሲቆረጥ አይጮህም፤ የወይን ጠጁ እጅጌ ከመቀሱ ፊት ለሁለት እየተከፈለ፣ በክርኑ በኩል፣ በትከሻው በኩል፣ እስከ አንገቱ ድረስ ሄደ። ሲገለጥ ገላዋ ከቀሚሱ ቀለም ብዙም የማይለይ ሆኖ ነበር። «አሁን ስጨርስ ለእትዬ እደውልላታለሁ» አለቻት፤ እንባዋ ስለመጣ መቀሱን ወደ ውጭ አዞረችው። «ትመለስና ትይሽ። ሁሉንም እነግራታለሁ። ትውሰድሽም።» የቀረውን ጨርቅ ከወገቧ ላይ ሰበሰበችና ወደ ወለሉ ጣለችው፤ ጋውኑን ከፍታ ከጀርባዋ አለበሰቻት። «በቃ እማዬ። አለቀ። እጅሽን አውርጂው።»

«እሺ» አለች እናቷ። እጇን ግን አላወረደችም።